የወደቀ ጥድ ቅርንጫፍ፦ ርካሽ ጉልበትና ርካሽ ጥበብ በከሚሴና በአካባቢዋ የደን ታሪክ



«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን ተረት የምንጠቅሰው ከሥልጣን ስለ ወረደ ወይም ዕድል ስለ ከዳው ሰው ስናወራ ነው። ዛሬ ግን ቃሉን ወደ ተነሣበት ቦታ፣ ወደ ጫካው ልመልሰው እፈልጋለሁ። ዛፉ ወድቋል፤ ምሳሩም በዝቶበታል። እነዚያ ምሳሮች ምን እየሠሩ ነበር? በማን እጅ ነበሩ? የቆረጡትንስ ማን ወሰደው? የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሆናል።

የታሪክ መምህር ስለ ቅርንጫፍ ምን አገባው የሚል ሊኖር ይችላል። የደን ታሪካችን የተጻፈው በአብዛኛው ስለ ዛፉ መተከልና ስለ ዛፉ መቆረጥ ነው። አዋጁ፣ የችግኙ ቁጥር፣ የተጨፈጨፈው ሄክታር ሁሉ ተመዝግቧል። በመውደቅና ጣውላ በመሆን መካከል ያለው ሥራ ግን፣ ማለትም የወደቀውን ጥድ ቅርንጫፉን አራግፎ ግንድ ማድረግ፣ በሰነዶቻችን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የሌለበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሥራው እንደ ርካሽ ስለ ተቆጠረ ነው። እኔም ዛሬ የምመረምረው ይህንኑ «ርካሽ» የሚለውን ቃል ነው።

ቃሉና ሥራው

በአማርኛ ይህ ሥራ መመልመል ይባላል። «መለመለ» ማለት ቅርንጫፍንና ቅጠልን እያወረደ አንዱን ግንድ አጥርቶ አስቀረ ማለት ነው። ዛሬ ወታደር ወይም ሠራተኛ ስንመለምል የምንጠቀምበትም ይህንኑ ቃል ነው፤ የማይፈለገው ወርዶ የሚፈለገው ይቀራል። ቃሉ ቢሮ ውስጥ ሲከብር፣ ጫካ ውስጥ የቀረው መልማይ ግን ስም አላገኘም።

ሥራው ለምን አስፈለገ? የጥድ ቅርንጫፍ ከግንዱ ላይ በየአቅጣጫው የወጣ ነው። ግንዱ ከነቅርንጫፉ በገደል ላይ አይንሸራተትም፤ በሰው ትከሻም ሆነ በበሬ ጉተታ አይሄድም። በቅጡ ያልተቆረጠ ጉጥ የተሸካሚውን ትከሻ ይቀዳል፣ በጉተታ ጊዜ ሥርና ድንጋይ ላይ ይሰካል፣ መጋዝ ላይ ሲደርስም ጥርሱን ያደነዝዛል። ስለዚህ ምልመላ የመጓጓዣውን ሥራ፣ የመጋዙን ሥራና የጣውላውን ዋጋ አስቀድሞ የሚወስን ሥራ ነው።

ቦታው

ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከቦርከና ወንዝና ከጨፋ ረግረግ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫም ናት። ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ ደዌ ሐረዋ፣ አርጡማ ፉርሲና ጅሌ ጥሙጋ የዞኑ ወረዳዎች ናቸው። የአካባቢው ዋነኛ ዛፍ ግራር ነው። ጥድ ቆላ አይወድም። ታዲያ ስለ ጥድ ለመናገር ለምን ከሚሴን መረጥሁ?

መልሱ ከሚሴ በሁለት የጥድ አገሮች መካከል የምትገኝ በር መሆኗ ነው። በስተሰሜን፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የየጎፍ ደን አለ። በስተደቡብ፣ በሰሜን ሸዋ፣ የወፍ ዋሻ ደን አለ። በስተምዕራብ ደግሞ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። የደጋው እንጨት ወደ ቆላው ሲወርድ፣ የቆላው ከብትና እህል ወደ ደጋው ሲወጣ ኖሯል። የሰንበቴ የእሑድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያ የዚህ ልውውጥ ሐውልቶች ናቸው። በቆላ የሚኖር ሰው ጥድን የሚያውቀው ተመልምሎ፣ ግንድ ወይም ቋሚ ሆኖ ነው። ይህም የታሪክ ምርምር ቦታ ያደርጋታል፤ ከገበያው ወደ ጫካው ወደ ኋላ መከተል ይቻላልና።

የአገራችን ተፈጥሯዊ መርፌ ቅጠልና መሰል ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የሐበሻ ጥድና ዝግባ። ዝግባን ኦሮምኛ ተናጋሪው ወገናችን ብርብርሳ ይለዋል፤ ምሳርን ደግሞ ቆቶ። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ገበያ ስለሚኖሩ፣ በከሚሴ ስለ እንጨት የሚጠይቅ ተመራማሪ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ይዞ መሄድ አለበት። በአንዱ ቋንቋ ብቻ የተሰበሰበ የቃል ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

ገባሩና ምሳሩ

ስለ ጥንቱ ዘመን በትውፊት የሚነገር ነገር አለ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ አስተክለዋል ይባላል። ትውፊቱ እንደ ሰነድ ባይቆጠርም አንድ ነገር ያሳየናል፤ የጥድ ደን ከነገሥታት ስም ጋር የተሳሰረ፣ የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ሀብት ተደርጎ የሚታይ ነበር። ጥድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ለዓምድና ለጣሪያ የሚመረጥ እንጨት ነው። ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክርስቲያኑን የተሸከመው እርሱ ነው።

ዓምዱን ከጫካ ያወጣው ግን ማን ነበር? በገባር ሥርዓት ውስጥ ገበሬው ከእህል ግብሩ በተጨማሪ ለባለ ጉልቱ የጉልበት ግዴታ ነበረበት፤ እንጨት ማምጣትና ቤት መሥራት ከግዴታዎቹ ውስጥ ነበሩ። ምሳሩ የገባሩ ነው፤ ዛቢያው የገባሩ ነው፤ ስንቁም የገባሩ ነው። ለባለ ጉልቱ ሥራው ምንም አላስወጣውም። እዚህ ላይ «ርካሽ» የሚለውን ቃል የመጀመሪያ ትርጉም እናገኛለን፦ ርካሽ ማለት ዋጋ የለውም ማለት ሳይሆን፣ ዋጋውን ሌላ ሰው ከፍሎታል ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው እንጨት ስለ ተሟጠጠ መናገሻዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ እንደ ነበር፣ ከተማዋን ከቦታዋ ካጸኗት ነገሮችም አንዱ ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ በታሪክ ትምህርታችን እናውቃለን። በፍጥነት ማደጉና ከጉቶው መልሶ ማቆጥቆጡ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። እኔ ግን ሦስተኛ ምክንያት እጨምራለሁ፦ ባሕር ዛፍ ለመልማዩ ቀላል ነው። ተጠጋግቶ ሲተከል የታች ቅርንጫፉን ራሱ ይጥላል፤ የቀረውን ቀጭን ቅርንጫፍ አንድ ሰው በገጀራ በጥቂት ምት ያወርደዋል። ጥድ ግን ቅርንጫፉን ይዞ ይኖራል፤ ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ገበሬው በጓሮው ባሕር ዛፍን የመረጠው የእጁን ድካም ቆጥሮ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጎዳናው፣ ረሀቡና ችግኙ

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጣርማበርን ተራራ በዋሻ ሰንጥቆ ወደ ደሴ የሚዘልቀው የመኪና መንገድ ተሠራ። መንገዱ ለእንጨትም አዲስ ዘመን ከፈተ። ቀድሞ የግንዱን ርዝመትና ውፍረት የሚወስነው የሰውና የአጋሰስ ጀርባ ነበር፤ አሁን ግን የመኪና ጀርባ ሆነ። ከገደሉ እስከ መንገዱ ዳር ያለው ሥራ ግን እንደ ቀድሞው በሰው እጅ ቀረ። የጭነት መኪና የመጣለት እንጨት፣ መልማዩ የያዘው ያንኑ የአያቱን ምሳር ነበር።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሀብ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ ለዘውዱ ሥርዓት መውደቅም አንዱ ምክንያት ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። የተራቆተውን ተራራ ለማልበስም ሰፊ ዘመቻ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ የተጀመረውና በቁጥሩ «2488» ተብሎ የሚታወቀው ፕሮጀክት እርከንና ችግኝ በእህል ክፍያ አሠራ። የቀን ክፍያው 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። ወሎም ከፕሮጀክቱ ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ነበረ።

በዚያ ዘመን በደጋው ከተተከሉት ዛፎች አንዱ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቁጥር ልጥቀስ። ችግኝ በ2 ሜትር ከ50 ርቀት ሲተከል በሄክታር 1,600 ዛፍ ይሆናል፤ በ2 ሜትር ሲተከል ደግሞ 2,500። ጠበቅ ብሎ ሲተከል ቅርንጫፉ ይቀጥናል፤ ሰፋ ብሎ ሲተከል ቅርንጫፉ ይወፍራል። የፈረንጅ ጥድ የደረቀ ቅርንጫፉን በራሱ ስለማይጥል፣ ገና በለጋነቱ የታችኛው ቅርንጫፍ በመጋዝ ካልወረደለት ጉጡ በእንጨቱ ውስጥ እየተቀበረ ያድጋል። ዛሬ የወደቀውን ዛፍ የሚመለምለው ሰው ድካም የተወሰነው ከ25 ወይም ከ30 ዓመት በፊት ችግኙን በተከለውና ባልገረዘው ሰው ነው ማለት ነው። ለእህል ክፍያ የተሠራ ሥራ ደግሞ የሚቆጠረው በተተከለው ችግኝ ልክ ስለ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ባለቤት አጣ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂ ያጡ በርካታ የመንግሥትና የማኅበረሰብ ደኖች በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ተጨፈጨፉ። ይህን ብዙ ሰው በዝርፊያ ስም ብቻ ያስታውሰዋል። ነገሩን ስንመረምረው ግን ዛፉን በጉልበቱ የተከለ ሰው የዛፉ ባለቤት መሆኑን የነገረው ወገን አልነበረም። በችኮላ በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ሲበዛ ደግሞ የጥበብ ጊዜ አይኖርም። ለጣውላ የሚሆነው ግንድ በየአጭሩ ተቆራርጦ ማገዶ ሆነ።

ርካሽ ጥበብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከሚሴ ሻይ ቤት አንድ አረጋዊ አገኘሁ። በወጣትነታቸው በደጋው ጥድ ሲመለምሉ የኖሩ ናቸው። ሥራውን እንዲያስረዱኝ ብለምናቸው ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው በቅልጥማቸው ላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ ትምህርት ቤቴ ይህ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ከዚያ ቀን ወዲህ ግንዱን በእኔና በምሳሩ መካከል አደርገዋለሁ» አሉ።

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከምልመላ ሥራ መሠረታዊ የደኅንነት ሕጎች አንዱ ነው። ሠራተኛው ከግንዱ በአንደኛው ወገን ቆሞ በሌላኛው ወገን ያለውን ቅርንጫፍ ይቆርጣል፤ ምሳሩ ቢስት ግንዱን እንጂ እግሩን አያገኝም። ሌሎቹም ሕጎች እንደዚሁ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ምልመላ ከጉቶው ወገን ተጀምሮ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ምቱ የሚያርፈው ቅርንጫፉ ወደ ጉቶው በሚያይበት ጎን ነው፤ ከላይ፣ በብብቱ በኩል ከተመታ ምሳሩ ይሰነቀራል፣ ግንዱም ይገነጠላል። በተዳፋት ላይ ሠራተኛው በላይኛው ወገን ይቆማል፤ ግንዱ ቢንከባለል ወደ ታች ነውና። ግንዱን ደግፈው የያዙት የሥር ቅርንጫፎች መጨረሻ ላይ ይቆረጣሉ፤ የተወጠረ ቅርንጫፍም በጥንቃቄ፣ ቀስ በቀስ ይላላል። የደረቀ ቀጭን ቅርንጫፍ ስለት አያስፈልገውም፤ በምሳሩ ጀርባ ሲመታ ይረግፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለቱ በሞረድ የተሳለ፣ ዛቢያው የጠበቀ መሆን አለበት። የዶለዶመ ምሳር ይነጥራል፤ የሚነጥር ምሳር ደግሞ ሥጋ ይፈልጋል።

የዓለምን ታሪክ ብናይ ሀብታሞቹ አገሮችም ከዚህ የራቁ አልነበሩም። በስዊድንና በፊንላንድ ጥድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የሚመለመለው በምሳር ነበር። ጀርመናዊው አንድሬያስ ሽቲል አንድ ሰው የሚይዘውን የቤንዚን መጋዝ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ የስዊድኑ ሁስክቫርና የመጀመሪያውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። መጋዙ ፍጥነት አመጣ፤ ንዝረቱ ግን የሠራተኞቹን ጣቶች እያደነዘዘና እያነጣ አዲስ በሽታ አስከተለ። ፋብሪካዎቹ ንዝረት የሚቀንስ እጀታ የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። በደቡባዊ አሜሪካ ደግሞ ሠራተኞች ከብረት ዘንግ የተበየደ ፍርግርግ በር በዛፎች መካከል አቁመው፣ የወደቁትን ጥዶች በትራክተር ወደ ኋላ እየገፉ በበሩ ውስጥ ያሳልፏቸዋል፤ ቅርንጫፎቹ በብረቱ እየተሰበሩ ይቀራሉ። ብልሃቱ ከተራ ብየዳ የሚወጣ፣ ከሌሎቹ ማሽኖች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። እንዲህም ሆኖ ትራክተር ይፈልጋል፤ ገደል ባለበት በእኛ ደጋ አይሠራም። አንድ አገር ርካሽ ያለው ለሌላው ውድ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የ«ርካሽ»ን ሁለተኛ ትርጉም እናገኛለን። የመጀመሪያው ርካሽነት የሚገኘው ሰውን በማርከስ ነው፤ ያልተከፈለ ጉልበት፣ ያልተቆጠረ ጠባሳ። ሁለተኛው ርካሽነት የሚገኘው በእውቀት ነው፤ የት እንደሚቆም፣ ከየት እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚገርዝ በማወቅ። ከሩቅ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም አንድ ሰውና አንድ ምሳር ናቸው። የሚለያያቸው ሠራተኛው ማምሻውን በእግሩ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።

ቅርንጫፉ የማን ነው?

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልለፍ። ግንዱ ሁልጊዜ ባለቤት ነበረው፤ ንጉሡ፣ ባለ ጉልቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መንግሥቱ። ቅርንጫፉ ግን የማን ነበር? በአብዛኛው የሴቶች ነበር። የወረደው ቅርንጫፍ ጭራሮ ሆኖ በጀርባ ታዝሎ ወደ ምድጃ የሚሄደው በእነርሱ ነው። ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ እናቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ በጀርባቸው የሚሸከሙት ግንዱን ሳይሆን ይህንኑ ቅርንጫፍና ቅጠል ነው፤ ያም ሆኖ በጥበቃ ሲባረሩና ሲቀሙ ኖረዋል።

ሕጋችን ይህን ቀስ በቀስ ነው ያየው። የ1999ኙ የደን አዋጅ ቁጥር 542 የአካባቢው ኅብረተሰብ በአስተዳደር ዕቅዱ መሠረት ከመንግሥት ደን ሣር እንዲያጭድና የወደቀ እንጨት እንዲለቅም ዕውቅና ሰጠ። የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን ለጎን የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንን በስም ጠቅሶ እንደ ይዞታ ተቀበለ። ስለዚህ የቅርንጫፉን ድርሻ በጽሑፍ ለመወሰን የሚከለክል ነገር የለም። ምልመላው ሲታቀድ ቅርንጫፉ የማን እንደሚሆን አብሮ ከተወሰነ፣ ጭራሮው በመሬት ላይ ደርቆ የእሳት ማገዶ ከመሆን ይድናል፤ ጫካው ይጸዳል፤ ምድጃውም ይነድዳል። በተቃራኒው ቅርንጫፉን የተከለከለ ሰው ነገ የሚመጣው ለግንዱ ነው። የ1983 ዓ.ም. ታሪክ ይህን ያስተምረናል።

መደምደሚያ

ውድ ተማሪዎቼ፣ በ1970ዎቹ የተተከሉት ጥዶች አብዛኞቹ ወይ ተቆርጠዋል፣ ወይ ለቆረጣ ደርሰዋል። እነርሱን የተከሉትና የመለመሉት ሰዎችም ዕድሜያቸው ገፍቷል። የእነዚህን ሰዎች ጠባሳ የሚያነብ ቤተ መዛግብት የለንም። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ሰንበቴና ወደ ባቲ ገበያ ውረዱ፤ ወደ ደጋውም ውጡ። በአማርኛም በኦሮምኛም ጠይቁ። «ስንት ዛፍ ተቆረጠ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምሳሩን ማን ያዘው? ስንት ተከፈለው? ማን አስተማረው? ቅርንጫፉን ማን ወሰደው?» በሉ።

ለደን ሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። በእቅዶቻችሁ ውስጥ «ዝቅተኛ ወጪ» የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር የማን ወጪ ዝቅ እንዳለ ጠይቁ። ወጪው የቀነሰው በተሳለ ስለትና በሠለጠነ እጅ ከሆነ፣ ያ ጥበብ ነው፤ አስፋፉት። በአንድ የቀን ሠራተኛ ቅልጥም ላይ ከሆነ ግን ወጪው አልቀነሰም፤ ከመዝገቡ ወጥቶ በሰውየው አካል ላይ ተጽፏል።